ኤላ የነበረችው ከላይ ነው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በአውቶቡስ በሄድኩ ቁጥር በመስኮት በኩል የእጄን ሥራ እፈልጋለሁ። እዚህ ጋ ትንሽ ድልድይ አለ፣ ዝቅ ብሎ የውሃ መውረጃ አለ፣ ከኩርባው ላይ ደግሞ አፈሩን ደግፎ የያዘ ግንብ አለ። ብዙዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አያለሁ። እዚያ ከመንገዱ ዳር አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ ሐውልት ቆሟል። የሠራነው እኛ ነን። ማዕዘኑ ዛሬም አልተሸረፈም፣ ድንጋዩም አልዘመመም። በድንጋይ ሥራነቱ አንድም እንከን የለበትም። የቆመበት ቦታ ነው ልክ ያልሆነው።

የማወራው በጃንሆይ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት ስለሆነው ነገር ነው። ጌዴኦን መንግሥት ያኔ ደራሳ አውራጃ ይለው ነበር። እኔ የተወለድኩት ከጪጩ በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። አማርኛን በወጉ የለመድኩት ዲላ ወርጄ መንገድ ሥራ ስቀጠር ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ተሸካሚ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ጭቃ አቦኪ፣ ኋላ ግንበኛ ሆንኩ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ በልተን አድረናል፣ ይበቃል። አለቆችም ብዙ አይቻለሁ። የሚጮህም ነበር፣ ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚውልም ነበር። ሥራን ያስተማረኝ ግን ከመካከላቸው ማንም አይደለም። ያስተማረኝ ጋሽ ኩሲያ ነው።

ጋሽ ኩሲያ የኮንሶ ሰው ነው። እርከን ሲሠሩ ካደጉት ወገን ነው፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድሮ ተራራ የሚያቆም። ሲናገር ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅላል፣ እኛም ለምደነው ነበር። አንድን ድንጋይ ከመጠቀሙ በፊት በትንሿ መዶሻ መታ አድርጎ ጆሮውን ያዘነብላል። ድንጋዩ ጥርት አድርጎ ከጮኸ ወደ ፊት ገጽ ይሄዳል። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ለመሙያ ይጣላል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ትናንት በገነባነው ላይ መዳፉን አሳርፎ ጥቂት ይቆያል። ከግንቡ ሥር ለውሃ መውጫ ቀዳዳ ሳይተው አንድም ቀን አያልፍም። «ውሃዋ መንገድ ሲያጣ ይገፋሃል» ይለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ልማዱ ነው። ምሳ ስንበላ ጀርባውን ለዳገት አይሰጥም። ሁላችንም ጥላ ፈልገን ወደ መንገዱ ዞረን ስንቀመጥ፣ እሱ ፀሐይ እየመታውም ቢሆን ፊቱን ወደ ጋራው አድርጎ ይበላል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ጋራው መሄድ ስትጀምር ፊቴን ብታገኘው ይሻላል» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ኤላ ከአውራ መንገዱ ወደ ቡሌ በኩል ሽቅብ ሲወጣ፣ ገደሉ ደረት ላይ የነበረች መንደር ናት። ስሟን ያገኘችው ከምንጯ ነው። ቤቶቹ ዝቅ ያለ በር ያላቸው የሣር ቤቶች ሲሆኑ እያንዳንዱ ቤት ዙሪያውን በእንሰት ተከቧል። በዚያ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። የኤላ ሰዎች ምንጩ ቀላ፣ ቀጥሎም ደረቀ ብለው ሲያወሩ ሰምተናል። ዝናብ እየዘነበ ምንጭ መድረቁ ገርሞን አለፍነው። ጋሽ ኩሲያ ብቻ መብላቱን ትቶ ወደ ላይ ሲያይ ትዝ ይለኛል።

ቀኑ የጪጩ ገበያ ቀን ነበር። እኛ ከታች የውሃ መውረጃ እንገነባለን። በመጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ዝናብ የሌለበት፣ የተቆፈረ አፈር የሚሸት ነፋስ መጣ። ድምፁ ከሁሉ በኋላ ነው የደረሰን። ረጅም ነበር፣ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲተነፍስ ይመስላል።

ሮጠን ወጣን። ስንደርስ የምናየው አልነበረም። ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ የፈረሰ ነገር እንኳ የለ። ቀይ፣ ለስላሳ፣ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ የመሰለ ሜዳ ብቻ ተዘርግቷል። ከሜዳው ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ ቀጫጭን ጭስ ከአፈሩ ውስጥ ይወጣል። ምድጃዎቹ ከሥር ገና አልጠፉም ነበር።

ጭሱ በሚወጣበት ቆፈርን። በሕይወት ያገኘነው ሰው የለም። መሬቱም ከእግራችን ሥር እየተንሸራተተ አላስቆፍር አለን። ጭሱ አንድ ባንድ ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ የትኛው ቤት የት እንደነበረ የሚያውቅ ጠፋ። የተረፉት ገበያ የወረዱት ናቸው። ከነሱ አንዷ እማማ ጌጤ ነበሩ። ቅቤ ሊሸጡ ጪጩ ወርደው ሲመለሱ ባላቸውና ልጆቻቸው ሁሉ ከአፈሩ ሥር ነበሩ።

ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በመንገዱ ስለሚያልፍ ለኤላ ሰዎች መታሰቢያ ይቁም ተባለ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ድንጋዩ ከላይ፣ ሰዎቹ ባሉበት እንዲቆም ለመኑ። በኛ አገር ከጥንት ጀምሮ ድንጋይ የሚቆመው ሟቹ ካለበት ላይ ነው። አለቃችን በትሕትና ሰማቸውና፣ «እንግዳው ሽቅብ አይወጣም፤ መንገደኛም አያየውም። ተረስቶ ይቀራል» አላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዳይረሳ ብሎ ነው።

ድንጋዩን የመረጠው ጋሽ ኩሲያ ነው፣ የጠረብነው ሁለታችን ነን። ከመንገዱ ዳር እኛው በዶማ ቆርጠን ባስተካከልነው ቦታ ላይ አቆምነው። ጽሑፉን ሌላ ሰው ቀረጸው። ጋሽ ኩሲያ ማንበብ ስለማይችል ምን እንደሚል ጠየቀኝ። «በዚህ ሥፍራ በናዳ ላለቁት የኤላ ነዋሪዎች መታሰቢያ» ብዬ አነበብኩለት።

«እዚህ ማን ሞተ?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ መዶሻዎቹን ለቀምኩ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወዲያ ቡሌም ይርጋጨፌም ተመድቤ ዓመታት አለፉ። ሐውልቱ እየታወቀ ሄደ። ሾፌሮች እዚያ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፣ ተሳፋሪዎች ባርኔጣ ያወልቃሉ። በየዓመቱ በዕለቱ ሰው ይሰበሰባል። ቄሱም፣ ሼሁም፣ የወንጌል ሰባኪውም ተራ በተራ ይጸልያሉ። ወደ ላይ የሚወጣ ግን አልነበረም። ዳገቱ አድካሚ ነው፣ ልቅሶው ደግሞ እታች ነው።

እንደገና ዲላ ተመልሼ በተመደብኩበት ዓመት በዕለቱ እኔም ሄድኩ። እማማ ጌጤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሐውልቱ አጠገብ ቆመዋል። አጠገባቸው ላሉ ሴቶች ከመንገዱ ዳር ያለውን ቦይ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይሄ ምድጃዬ ነበር፤ በሩ በዚህ በኩል፤ ጥጆቹን እዚያ ነበር የማስረው» ይላሉ። የሚያሳዩት እኛ የቆፈርነውን ቦይ ነው።

ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ኤላ የነበረችው ከላይ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

በሐዘኔታ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ቤቴ ይጠፋኛል?»

ሌሎቹን ጠየቅሁ። ሁሉም እዚህ ነው አሉኝ። አንዱ እጄን ይዞ ወስዶ እኛ በዶማ የቆረጥነውን አፈር እያሳየኝ፣ «ጋራው የተገመሰው ከዚህ ጋ ነው፣ ይኸው ምልክቱ» አለ። የዶማዬን ምልክት አውቀዋለሁ። ቢሆንም ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም በአንድ ልብ ወደ ቦዩ እያዩ ያለቅሳሉ፣ እኔም ልጠራጠር ጀመርኩ። ቀዩ ሜዳ፣ ጭሱ፣ ያ ሁሉ በሕልሜ ያየሁት መሰለኝ። ፈራሁ። ሞት አይቼ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

በማግስቱ ጋሽ ኩሲያን አገኘሁትና «ጋሼ፣ ኤላ የት ነበረች?» አልኩት። ዘንጉን አንስቶ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ተከተልኩት።

ሜዳው አረንጓዴ ሆኗል። የተቀበረው እንሰት ከአፈሩ ሥር ዘልቆ በቅሏል። ደግሞም እንደ ድሮው፣ ክብ ክብ ሆኖ ነው የበቀለው። የእያንዳንዱ ክብ መሐል ባዶ ነው። ቤት ያልነበረበትን ቦታ እንሰቱ እየዘለለ፣ ቤት የነበረበትን እየከበበ፣ መንደሩ ከነአቀማመጡ ተመልሶ ቆሟል። የሌሉት ሰዎቹ ብቻ ናቸው።

በክብና በክብ መካከል ባለው ቦታ ደግሞ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተው ሰው ሰፍሮባቸዋል።

የመጀመሪያው ቤት ባለቤት አበራ ይባላል፣ ሚስቱ ዘነበች። ባለርስቱ ያልተነካ መሬት ነው ብሎ ከሌላ አውራጃ አምጥቶ ነው ጭሰኛ ያደረጋቸው። ደህና ሰዎች ናቸው፣ አስገብተው ውሃ ሰጡን። ውሃው ወደ ቀይ የሚወስደው ነበር።

«ሰሞኑን ነው እንዲህ የሆነው» አለች ዘነበች። «አስቀምጠን ሲጠልል ይጠራል።»

«እንሰቱን ማን ተከለው?» አልኳት።

«እንዲሁ አገኘነው። አንነካውም። ልጆቹም እዚያ ውስጥ መጫወት አይወዱም።»

ጋሽ ኩሲያ በሩን ያያል። በሩ አይገጥምም። አበራ ሁለት ጊዜ እንደላገው፣ እንጨቱ እርጥብ ስለነበር እንደሆነ አስረዳ። ጋሽ ኩሲያ ከኪሱ ቱንቢውን፣ ያን ክር ላይ የታሰረ የግንበኛ እርሳስ፣ አውጥቶ ከመቃኑ አናት ላይ አንጠለጠለው። እርሳሱ መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቅን። ክሩ ከላይ መቃኑን ይነካል፣ ከታች ግን በመሐላቸው እጅ ያስገባል።

«በሯ ጤነኛ ነው» አለ ጋሽ ኩሲያ። «ቤቱ ነች የምትሄደው።»

«ወዴት?» አለ አበራ።

«ወደ ታች።»

ያየነውን ሁሉ ነገርናቸው። አበራ እስከ መጨረሻው አዳመጠንና፣ «አባት፣ ናዳው እኮ መንገዱ ጋ ነው» አለ። «ሐውልቱን ስንመጣ አይተነዋል። ሁሉም ሰው እዚያ ነው ይላል። እንደዚያ ባይሆንስ እነዚህን ልጆች ይዤ የት እገባለሁ?»

ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤትም ሄድን። ሹሙ አዲስ ተዛውሮ የመጣ ነው፣ ወደ ዲላ ሲገባ ያነበበው ያንኑ ሐውልት ነው። አላጣጣለንም። «የኤላን ሰዎች አምጡና ይመስክሩ፣ እኔ አስነሳቸዋለሁ» አለን። ሽማግሌዎቹን ይዘን ቀረብን። ያኔ ድንጋዩ ከላይ ይቁምልን ብለው የለመኑት ራሳቸው፣ ተጠይቀው መንገዱ ዳር ነው አሉ። አልዋሹም። ፊታቸውን እያየሁ ነበር፣ የሚያምኑትን ነው የተናገሩት።

ከጽሕፈት ቤቱ ስንወጣ ጋሽ ኩሲያ «እዛም ድንጋይ እናቁም» አለ።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ድንጋይ የደከምኩበት የለም። ያልተጠረበ፣ ረጅም፣ ሲመታ እንደ ደወል የሚጮኽ ድንጋይ ከወንዝ አገኘን። በገመድና በአጣና እየገፋን፣ ሰው እየለመንን አወጣነው። የርዝመቱን ሲሶ የሚውጥ ጉድጓድ ቆፈርን። ሲቆም ዙሪያውን በጠጠርና በሹል ድንጋይ ወተፍነው፣ ማታ ማታ እየሄድን ደግመን ጠቀጠቅነው። ጋሽ ኩሲያ መዳፉን አሳርፎበት ራሱን ነቀነቀ። ሠርተን ጨረስን ብዬ ደስ አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ ስንመለስ ጥጃ ታስሮበታል። ከወገቡ ላይ ማጭድ ስለተሳለበት ነጭ ሆኗል። ዘነበች ከሩቅ አይታን እየፈገገች መጣች። «እግዜር ይስጣችሁ፣ ካስማ አጥተን ተቸግረን ነበር» አለችን። ጋሽ ኩሲያ ጥጃውን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ተስፋ ሲቆርጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዝናብ ሲጀምር ከሰፈሩ ታችኛው ጫፍ አንድ ቤት ወረደ። ውስጡ አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሬሳቸውን ከአፈር አወጡት። ሰፈርተኛው ቤቱ አርጅቶ ነው አለ። እኒያ ሰው ድንጋዩ ሲቆም ገመድ ይዘው ከሳቡት አንዱ ነበሩ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም ነበር። ዛሬም ሥራዬን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የገመዱ ጫፍ ላይ የነበሩት እጆቻቸው ናቸው።

እማማ ጌጤ ቤት ሄጄ «ከላይ ሰው ሞቷል፣ ለቅሶ እንድረስ» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ከሰው ለቅሶ ደግሞ እሳቸው አይቀሩም። ዳገቱን እያረፉ ሲወጡ ግራ ቀኙን እያዩ፣ «ይሄን አገር አላውቀውም። ጥሩ መሬት ነው» ይሉኝ ነበር። ተስፋዬ ሁሉ ሟሸሸ።

ለቀስተኛው አበራ ደጅ ተቀምጧል። እማማ ጌጤ ደርሰው አለቀሱ፣ ተቀመጡ፣ ቡናም ተሰጣቸው። ትንሽ ቆይተው ወገባቸውን ሊያፍታቱ ተነሡ። ሄድ ሄድ ብለው ወደ እንሰቱ ተጠጉ። ሁላችንም እናያቸዋለን። ከአንዱ ክብ ጫፍ ሲደርሱ፣ ምንም በሌለበት፣ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው አንድ ነገር ደገፍ አደረጉ። ዝቅ ያለ በር እንደሚያልፍ ሰው ራሳቸውን ደፍተው ገቡ፣ ውስጥ ሲደርሱ ቀና አሉ። ወደ ግራ ዞረው ጥጃ እንደሚያይ አዩ። ቀጥሎ ከባዶው ቦታ መሐል ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ወደ መሬት ዘረጉ፣ እሳት እንደሚሞቅ ሰው።

ለቀስተኛው ስኒውን መሬት አስቀመጠ።

እማማ ጌጤ እጃቸውን እንደዘረጉ ብዙ ቆዩ። ያደረጉትን የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። አንድ ጊዜ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። በጌዴኦኛ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስም ጠሩ። ቀጥሎ የሁለተኛውን። ከዚያ ጩኸታቸው ወጣ። እንዲያ ያለ ልቅሶ መንገዱ ዳር አልሰማሁም። ያ ለዓመታት እታች የተለቀሰው ሁሉ ልምምድ ነበር የሚያሰኝ ነው።

ዘነበች ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቤቷን አየች፣ ቤቷ የቆመበትን መሬት አየች። «አበራ፣ ልጆቹን አንሣ» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«የት እንሄዳለን?»

«እዚህ አይደለም።»

ባለርስቱ ዛተ፣ ተሳደበ። ሰዎቹ ግን መውረዳቸውን አላቆሙም። አንዳንዱ ጪጩ ዘመድ ጋ ተጠጋ፣ አንዳንዱ ይርጋጨፌ ቡና ለቀማ ገባ። እማማ ጌጤ እነ ዘነበችን ከነልጆቻቸው ቤታቸው አስገቡ። የመጨረሻው ቤተሰብ በወረደ በሳምንቱ ጋራው ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ኩሲያና እኔ ወጥተን አየን። ቤቶቹን፣ ክብ ክቡን እንሰት፣ ያቆምነውን ድንጋይ፣ ሁሉንም ወስዶታል። ያው ቀይ ለስላሳ ሜዳ ተዘርግቷል። ጭስ ግን አልነበረም።

ጋሽ ኩሲያ በዚያው ዓመት ሥራ በቃኝ ብሎ ኮንሶ ገባ። ቱንቢውን ለኔ ተወልኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ዓመቱ ሲደርስ የኤላ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን አልፈው ሽቅብ ወጡ። ከቀዩ ሜዳ ጫፍ፣ ጠንካራው መሬት ላይ ተቀመጡ። ድንጋይ አላቆምንም፣ ማንም አልጠየቀም። እማማ ጌጤ ከፊት ሆነው የቤቶቹን ሰዎች በየተራ ስም እየጠሩ ያስለቅሳሉ። በመሐሉ ከታች ሌሎች ሰዎች ሲመጡ አየን፣ ሰፈሩን ለቀው የወረዱት ናቸው። ከኋላችን ተቀመጡና አብረው አለቀሱ።

ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው ዘነበች ናት። ደረቷን እየመታች፣ ፊቷን እየፈጀች። የኤላ ሴቶች ግራ ገባቸው። በዚያ ናዳ የሞተባት ዘመድ እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። አንዷ ጠጋ ብላ ትከሻዋን ይዛ፣ «እኅቴ፣ አንቺ ለማን ነው የምታለቅሺው?» አለቻት።

«ለልጆቼ» አለች ዘነበች፣ ቤቷ ወደነበረበት ወደ ቀዩ ሜዳ እያየች።

ልጆቿ ከጎኗ ቆመው ቀሚሷን ይዘው ነበር። ሴትየዋ ልጆቹን አየች፣ ዘነበችን አየች፣ እጇንም ከትከሻዋ አላነሣችም። እማማ ጌጤ ከፊት ሆነው ሰሙ። ነጠላቸውን ሰብስበው ጠጋ አሉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።